ክረምት ሲገባ የሚነዝር ሶኬት፦ ከሶኬቱ በፊት ግድግዳው ይታይ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ እናቴ ከአባቷ በወረሰችው ቤት ነው። የፊት ለፊቱ ክፍል የድንጋይ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው ይባላል። ከኋላ ያሉት ክፍሎችና ማድቤቱ ግን ጭቃ ናቸው፤ በላያቸው ሲሚንቶ ተለስኗል። አንዱን ክፍል አከራይተነዋል። በጋውን ምንም ችግር የለም። ዝናቡ ሲጠና ግን ከማድቤቱ ጋር የሚጋራው ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት መንጣጣት ይጀምራል። ፍሪጁን ስነካው ይነዝረኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ግድግዳውን ስትወለውል ግድግዳው ራሱ ነዘራት። የሰፈር ልጅ ሶኬቱን በተደጋጋሚ ቀይሮልናል፤ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። አሁን ደግሞ በላስቲክ እንሸፍነው ይላል። ምን ይሻለናል?

ምላሽ፦ መጀመሪያ አስቸኳዩን ልናገር። ግድግዳ ሰው ከነዘረ ነገሩ የሶኬት ጥገና መሆኑ ቀርቷል። ወደዚያ ክፍል የሚሄደውን ብሬከር አሁኑኑ ያውርዱት። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ዋናውን ያውርዱ፤ ቤቱ ይጨልም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቢበላሽ ይበላሽ። ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ያ መስመር እንዳይነሳ። ልጅ ወይም እንግዳ ሳያውቅ እንዳያነሳው ብሬከሩ ላይ ወረቀት ይለጥፉበት።

«ቆንጠጥ ነው ያደረገኝ እኮ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እናትዎም እንዲህ ብለው ሊሆን ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳው የረጠበ ሰው ለኮረንቲ ያለው መቋቋም ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። የቤታችን ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ያለ ምንም ከልካይ ቢያገኘው 220 ሚሊ አምፔር በሰውየው ውስጥ ያልፋል። ከ10 ሚሊ አምፔር ገደማ ጀምሮ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። ልብን የሚያውከው ከዚያ ብዙም አይርቅም። እናትዎን ያተረፋቸው በእሳቸውና በሽቦው መካከል የነበረው ጭቃ ነው። ጭቃው አብዛኛውን ኮረንቲ ስለያዘባቸው ቆንጠጥ ብቻ ሆነ። ግድግዳው ይበልጥ ሲርስ ያን ያህል አይዝም።

አሁን ወደ ሶኬቱ። ልጁ ሶኬቱን መቀያየሩ፣ ሳይከፋው ልናገርና፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ሶኬቱ የሚጠቁረው ከኋላው ባለው ነገር ነው። የሥራው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፦ በመጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ሶኬቱ መጨረሻ። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ጀምሮ እዚያው ያቆማል። ሶኬት ርካሽ ነው፤ ለመቀየርም ካቻቢቴ ብቻ ይበቃል። ግድግዳው ነው የሚያስቸግረው።

ጎንደር ከፍታዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። እንደ ባሕር ዳርቻ አገር ዓመቱን ሙሉ የሚያልብ ግድግዳ የለንም። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ጊዜ ግን በቂ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳ ለሳምንታት ፀሐይ አያይም። ማታ ይቀዘቅዛል። ማድቤቱ ውስጥ ደግሞ ወጥ ይንተከተካል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ያ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃ ይለወጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀዘቅዘው ደግሞ ብረት ነው፤ የሶኬቱ ብሎንና ምላስ። ስለዚህ ጣሪያው ባያፈስም፣ አንድ ጠብታ ዝናብ ባይገባም፣ ሶኬቱ ውስጥ ጤዛ ይኖራል።

ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከመሬት የሚወጣው ነው። ውሃ ልኩ (ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራው የድንጋይ መሠረት) ዝቅ ያለ ወይም ጭራሽ የሌለው የጭቃ ቤት ከታች ውሃ ይስባል። እርጥበቱ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። ቀለሙ የተላጠበትን፣ ነጭ ጨው የሚመስል ዱቄት ያወጣበትን መስመር ይመልከቱ፤ ውሃው የደረሰበት ከፍታ እሱ ነው። ከዚያ መስመር በታች ያለ ሶኬት ሁሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቁጠሩት።

ሦስተኛው ሲሚንቶው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ስታገኘው ደግሞ መልሶ ይተፋል። በሲሚንቶ ለስነው፣ በላዩ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቡበት መጠጣቱን አያቆምም። ከታችም፣ በስንጥቁም ይገባል። የሚያቆመው መትፋቱን ነው። ከውጭ ሲያዩት የሚያምር፣ ደረቅ የሚመስል ግድግዳ፣ ከልስኑ በስተጀርባ ግን እስከ ጥቅምት የማይደርቅ ጭቃ ይይዛል። ሽቦው ያለው ደግሞ እዚያ ነው። የአባቶቻችን ልስን፣ ጭቃ በጭድ ተቦክቶ የሚለሰነው፣ ወይም ኖራው፣ ለዚህ ነገር ይሻላል። የፋሲል ግንብም የቆመው በድንጋይና በኖራ ነው። ሲሚንቶውን ሁሉ ያፍርሱት አልልም። የሶኬቱ ግድግዳ ላይ ግን ቢያንስ ከውሃ ልኩ እስከ ወገብ ድረስ ያለውን አንስቶ በኖራ መለሰን ዋጋ አለው።

እንግዲህ ውሃውን ፍለጋ። ዝናብ እየዘነበ ሳለ ከውጭ በኩል ዞረው ይዩ። አሸንዳው ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይፈስሳል? የጣሪያው ክንፍ አጭር ሆኖ ዝናቡ ግድግዳውን ይመታል? መሬት ላይ ወድቆ የሚረጨው ውሃ እስከየት ይደርሳል? የእቃ ማጠቢያው ውሃ የሚደፋው ግድግዳው ሥር ነው? በጎንደር አሮጌ ግቢዎች ይህ የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ማጠቢያው ሁልጊዜ ከማድቤቱ ጀርባ ነው። የማድቤቱ ጀርባ ደግሞ የሳሎኑ ግድግዳ ነው።

አንድ የማይጠረጠር መንገድ ደግሞ አለ፦ ቱቦው። ሽቦው ከኮርኒሱ ላይ በቱቦ ወደ ሶኬቱ ይወርድ ይሆናል። ቆርቆሮው ላይ ያለ አንድ ሚስማር ላላ ካለ ውሃው ቱቦው ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ ሶኬቱ ሳጥን ውስጥ ይፈስሳል። ግድግዳው ደረቅ ሆኖ ሶኬቱ ብቻ ከረጠበ ቱቦውን ይጠርጥሩ። የቱቦውን የላይኛውን አፍ መድፈን፣ የሳጥኑን ታች ደግሞ በትንሹ መብሳት ያስፈልጋል። የገባው ውሃ መውጫ ይኑረው።

ስለ ላስቲኩ የጠየቁኝም እዚህ ይመለሳል። አይሸፍኑት። ውሃው የሚመጣው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል እንጂ አያስቀረውም። ሙቀት ሲፈጠር ደግሞ ላስቲኩ ራሱ ይቀልጣል፣ ይነዳልም። ሲሊኮን የሚቀቡም አሉ። የሶኬቱን የላይኛውንና የጎኑን ጠርዝ መቀባት ይቻላል፤ የታችኛው ጠርዝ ግን ክፍት ይቀመጥ።

አሁን ሶኬቱን እንክፈተው። ይህን የሚሠራው ባለሙያው ነው፤ እርስዎ ግን አጠገቡ ቆመው ምን እንደሚታይ ይወቁ። ብሬከሩ ወርዷል። ባለሙያው ቴስተሩን በመጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚያውቀው ሶኬት ላይ ይሞክራል። ቴስተሩ መሥራቱን ሲያረጋግጥ ወደ ተበላሸው ይመጣል፤ ሁለቱንም ቀዳዳ ይነካል። ከዚያ ተመልሶ ጥሩው ሶኬት ላይ እንደገና ይሞክራል። ይህን ሳያደርግ «ጠፍቷል» ብሎ እጁን የሚሰድ ባለሙያ ካዩ ያስቁሙት። በአሮጌ ቤት ፊውዙ ኒውትራሉ (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ አምፖሉ ይጠፋል፣ ሽቦው ግን ሙሉ 220 ቮልቱን ይዞ ይቀመጣል። አምፖሏ በቴስተሩ መያዣ ውስጥ ያለችው ካቻቢቴ ደግሞ በራሷ ብዙ አትታመንም። የጎማ ጫማ አድርጎ ደረቅ ወንበር ላይ የቆመ ሰው እጅ ላይ ፌዝ (ኮረንቲው የሚመጣበትን ሽቦ) ነክታም ላትበራ ትችላለች።

የእናንተ ቤት ደግሞ ተከራይ አለው። ይህን አደራ። የተከራይ ክፍል ያለው ቤት ውስጥ ሽቦው የዞረው በየጊዜው፣ በየሰዉ ነው። የሳሎኑ ሶኬት ሳጥን ውስጥ ከተከራዩ ክፍል በንዑስ ቆጣሪ በኩል የመጣ ሌላ ሽቦ ሊያልፍ ይችላል። የእናንተ ብሬከር ወርዶም እሱ ሕይወት አለው። ስለዚህ በሚከፈትበት ሰዓት የሁለቱም ይውረድ።

ሽፋኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ሽታው ነው። የሞቀ ሶኬት ፕላስቲክ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የጎርጎራ ዓሣ ያልገባበት ቤት፣ ያውም በጾም፣ ዓሣ ከሸተተ መብራት ኃይልን ሳይሆን ሶኬቱን ይመልከቱ። ከዚያ ብሎኖቹ ይታያሉ። አንዱ ደህና ነው፤ ሌላው ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ተሰንጥቋል። ከብሎኑ ሥር ያለው መዳብ ላይ አረንጓዴ ዱቄት አለ። ይህ የመዳብ ዝገት ነው። ሽቦውና ብሎኑ መካከል ገብቶ ንክኪውን ያሳሳዋል። ንክኪው ሲሳሳ ይሞቃል። ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠብባል፣ ብሎኑ ይላላል። ሲላላ ይንጣጣል። የሚሰሙት ድምፅ ይህ ነው። በፌዙና በኒውትራሉ መካከል ያለው ፕላስቲክ ላይ ደግሞ የእርሳስ ጭረት የመሰለ ጥቁር መስመር ካለ፣ እርጥብ አቧራ ላይ ኮረንቲ እየሄደ ያቃጠለው ከሰል ነው። ከሰል ኮረንቲ ያስተላልፋል። ተጠርጎ አይድንም፤ ሶኬቱ ይጣላል።

አሁን የልጁ ስህተት የቱ ጋ እንደሆነ ይታያል። አዲስ ሶኬት አምጥቶ ያንኑ አረንጓዴ፣ ያንኑ የተቃጠለ ሽቦ ጫፍ አሠረበት። አዲሱ ብሎን አሮጌውን ዝገት ጨበጠ። ጫፉ ተቆርጦ፣ የሽቦው የፕላስቲክ ልብስ ለስላሳ እስከሚሆንበትና መዳቡ እስከሚያብረቀርቅበት ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት። ልብሱ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ እንጀራ ከተሰበረ ሽቦው አልቆለታል። ተቆርጦ ካጠረ በሞርሴቶ (በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ) ይቀጠላል፤ ተጠማዞ በናስትሮ አይጠቀለልም። የናስትሮ ሙጫ በእርጥበት ይለቃል፤ የገባውን ውሃም አቅፎ ይይዛል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ በፒንሳ ሳብ ተደርጎ ይሞከር። የወጣ ካለ መጀመሪያውኑ አልጠበቀም ነበር ማለት ነው።

ግን ሶኬቱ ተቀየረ፣ ጫፉ ታደሰ ማለት ግድግዳው መንዘሩን አቆመ ማለት አይደለም። ነዛሪው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ጭቃ ቤት ሲሠራ ጠፍጣፋው ሽቦ ያለ ቱቦ ቋሚና ማገሩ ላይ በሚስማር ተመትቶ በላዩ ይለሰናል። ሚስማሩ ልብሱን ሊወጋው ይችላል። አይጥ ሊበላው ይችላል። ሥዕል ሊሰቀል የተመታ ሚስማርም ሊያገኘው ይችላል። በበጋ ጭቃው ደረቅ ስለሆነ ቁስሉ አይታወቅም። ዝናብ ሲመጣ ይናገራል።

ይህን የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ሜገር ይባላል። ተራው መልቲሜትር አይበቃም፤ በባትሪው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሚለካ እርጥብ ግድግዳን ደህና ነው ሊል ይችላል። ሜገሩ 500 ቮልት ሰጥቶ ልብሱ ይችል እንደሆነ ያያል። ከመለካቱ በፊት ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ አምፖሉ ሁሉ ይነቀላል፤ አለበለዚያ ዕቃው ሊበላሽ ይችላል፣ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። በሽቦዎቹ እርስ በርስና በእያንዳንዱ ሽቦና በመሬት መካከል ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ መስመሩ መጥፎ ነው። ደህና ሽቦ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያነብባል። ባለሙያ ሲጠሩ «ሜገር አለህ ወይ» ብለው ይጠይቁ። ከሌለው ሌላ ይፈልጉ፤ የብቃት ማረጋገጫውንም ይጠይቁት፣ ነውር የለውም።

እና ልኬቱ አሁን፣ በዝናቡ ይደረግ። ሰው ቤቱን የሚያሳድሰው ለጥምቀት ነው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ኤሌክትሪሺያንም ያኔ ይጠራል። በጥር ግድግዳው ደርቋል። የታመመው መስመር ጤነኛ ሆኖ ይለካል። ለልኬት ነሐሴ፣ ለልስንና ለቁፋሮ ከኅዳር በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚሻለው።

ሜገር እስኪገኝ ድረስ ከቆጣሪው ላይ አንድ ነገር ማየት ይቻላል። ለሌሎቹ መስመሮች ይጠቅማል፤ የነዘረው መስመር ወርዶ ይቆይ። ዕቃውን ሁሉ ይንቀሉ፣ አምፖሎቹን ያጥፉ፣ ብሬከሮቹ ግን ይነሱ። ቆጣሪው ላይ የምትርገበገበውን ትንሽ መብራት ይጠብቁ። ምንም ሳይሠራ እየቆየች ብልጭ ካለች ኮረንቲው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ 6.6 ዋት ብቻ ነው። በኪሎ ዋት ሰዓት 1,600 ጊዜ የምትርገበገብ ቆጣሪ በዚህ መጠን ብልጭ የምትለው በ6 ደቂቃ ገደማ አንዴ ነው። በወር ሲደመር ወደ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ጭቃ ለማሞቅ የሚከፈል ሂሳብ ነው። ብልጭ አላለችም ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ በጣም ትንሹን ቆጣሪዎች አይቆጥሩትም። የቆጣሪውን ማኅተም ደግሞ ማንም እንዳይነካ። ከቆጣሪው በፊት ያለው የመብራት ኃይል ነው፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ። አምፖሎች አንዳንዴ ከልክ በላይ ቦግ፣ አንዳንዴ ጭልም የሚሉ ከሆነ ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 905 ይደውሉ።

መስመሩ መጥፎ ሆኖ ከተገኘ ግድግዳውን እየቆፈሩ ቁስሉን አይፈልጉ። በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ እዚያው ይሙት። አዲሱ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳው ላይ በግልጽ ይሂድ። አያምርም ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አያምርም። በጭቃ ቤት ግን ከተቀበረ ሽቦ የሚታይ ሽቦ ይሻላል። ሶኬቱም ከዚያ ግድግዳ ይነሳ። ወደ ውስጠኛው፣ ከማድቤቱም ከውጭም ወደማይዋሰነው ግድግዳ ይዛወር። የግድ እዚያው መሆን ካለበት ከወለሉ ከ1.2 ሜትር በላይ ይሁን። ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚሰካ፣ ክዳን ያለው፣ የውሃ መከላከያ ደረጃው አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ሶኬት ይግዙ። ሽቦው ከታች በኩል ይግባ፤ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ። በሽቦው ላይ የወረደ ውሃ መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ሽቦ ሲገዙም ይጠንቀቁ። ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ብሬከሩም ከ16 ወይም ከ20 አምፔር አይበልጥ። 2.5 ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 2.5 አይደለም። አንድ ወጥ መዳብ ከሆነ ውፍረቱ 1.78 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 1.38 ከሆነ የያዙት 1.5 ነው። ባለሙያው ካሊፐር ይኖረዋል። መዳቡን በቢላ ጫር ያድርጉት፤ ከውስጥ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ይመልሱት።

ፊት ለፊት ስላለው የድንጋይ ክፍል ብዙ አልልም። በ1930ዎቹ የፈረንጆች አቆጣጠር የተሠሩ ቤቶች ሽቦ ጎማና ጨርቅ የለበሰ፣ ተጠማዞ በትናንሽ የሸክላ ፍሬዎች ላይ የሚሄድ ነበር። የእናንተም ያ ከሆነ፣ ወይም ከሱ የተረፈ ቁራጭ ካለ፣ አይጠገንም። ጎማው ሲነኩት ይረግፋል። ፍሬዎቹን ለጌጥ ያስቀሩ፣ ሽቦው ይውጣ።

ፍሪጁ። ፍሪጁ የሚነዝረው ኧርዝ (ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ስለሌለው ነው፤ ወይም ከዚህ የከፋ። ሶኬቱ ሲከፈት የመሬቱ ምላስ ላይ ምን እንደታሰረ ይዩ። ምንም ካልታሰረ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮትም ኧርዝ የለውም። ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ተያይዞ ካገኙት ግን ወዲያው ይቆረጥ። አንዳንድ ሠራተኛ «ኧርዝ ሠራሁልህ» ብሎ ይህን ያደርጋል። ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ምንም አይታወቅም። ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የፍሪጁ ብረት ሙሉውን 220 ቮልት ይለብሳል። ያውም ሞተሩ ስለማይሠራ «ፍሪጁ ጠፍቷል» ብላችሁ በእጃችሁ ልትነኩት ነው።

እውነተኛው ኧርዝ መሬት ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው፤ መዳብ የለበሰ፣ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ዘንጉን ይለቀዋል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ይሁን፣ ጥልቅ ይግባ። የውሃ ቧንቧ ላይ አይሠር፤ ዛሬ ቧንቧው የሆነ ቦታ ላይ ፕላስቲክ ነው።

ዘንግ ብቻውን ግን አያድንም። አርሲዲ ያስፈልጋል፤ ሱቅ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከርም ይሉታል። በአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ አውጪ ቢሉኝ ይህን ነው የምለው። ተራው ብሬከር ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፤ ሰው አይጠብቅም። እናትዎን የነዘረው ኮረንቲ 16 አምፔሩን ብሬከር አያንቀሳቅሰውም። አርሲዲው የሄደውንና የተመለሰውን ያወዳድራል። 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ በቅጽበት ይቆርጣል። የጎደለው በግድግዳውም ይሂድ በሰው፣ ለሱ ልዩነት የለውም። ስለዚህ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ይግዙ። 300 የሚለው ለእሳት እንጂ ለሰው አይሆንም። ፌዙን በአንድ እጅ፣ ኒውትራሉን በሌላው የያዘን ሰው ግን አያድንም፤ ይህን ይወቁ። ቲ የምትል ቁልፍ አለችው፤ በየጊዜው ተጭነው ይሞክሯት። ካልወረደ ሞቷል፣ ይቀየር።

አርሲዲ የገባ ዕለት ሌላ ጭቅጭቅ ይጀምራል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ይወርዳል። «ይሄ ነገር አስቸገረን፣ አውጣልን» ይባላል፤ ልጁም ያወጣዋል። የሚወርደው ግድግዳው እየፈሰሰ ስለሆነ ነው። የትኛው መስመር እንደሚያወርደው በየተራ እያነሱ ይለዩ፣ ያ መስመር ይታደስ። የተከራዩም መስመር የራሱ አርሲዲ ይኑረው። በእሱ ክፍል በተፈጠረ ነገር የእናንተ ቤት እንዳይጨልም፣ ኒውትራሉም ከእናንተ ጋር እንዳይቀላቀል። ከተቀላቀለ ሁለቱም ያለ ምክንያት ይወርዳሉ።

ምጣዱን አልጠቀሱልኝም። ማድቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለና ከዚሁ ግድግዳ የሚሳብ ከሆነ ግን የጠቆረው ሶኬት ሌላው ምክንያት እሱ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፤ የሶኬቱ የመጨረሻ አቅም ማለት ነው፣ ያውም ደረቅና አዲስ ሆኖ። በዲቫይደር ላይ ከሆነማ አይወራ። ምጣድ ከማከፋፈያው የሚነሳ የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ በሶኬት ሳይሆን በማብሪያ ማጥፊያ በኩል የሚታሰር። ማብሪያውም ከእንፋሎቱ ራቅ ብሎ።

ለአሁኑ የነዘረው መስመር እንደወረደ ይቆይ። ፍሪጁም ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ተነቅሎ ይቆይ። አሸንዳው በዚህ ሳምንት ይጠረግ፣ የእቃ ማጠቢያው ውሃ ከግድግዳው ሥር ይራቅ። ሜገር ያለው ባለሙያ ሲመጣ በእያንዳንዱ መስመር ያነበበውን ቁጥር፣ የመሬቱ ምላስ ላይ ያገኘውንም፣ ጽፈው ይላኩልኝ። የትኛው ሽቦ መሞት፣ የትኛው መቆየት እንዳለበት ከዚያ በኋላ ልነግርዎ እችላለሁ።